ጥቁሩና የሚያብረቀርቀው ቡሶላ

«ግሌኒስ፣ የዛሬው የስኮን ዳቦሽ ደግሞ እንዴት አምሮበታል! ምን ብለሽ አባብለሽው ነው እንዲህ የተነሳልሽ? የኔማ ከምድጃ ሲወጣ ድንጋይ ነው፤ ባለፈው አንዱ ከእጄ አምልጦ የድመቷን ጭራ ሊቆርጠው ነበር። ጉልበትሽስ እንዴት አደረ? ይሄ ዝናብ እኮ ለአጥንት አይሆንም... ድንቹንም ጭቃ ውስጥ ሊያስቀረው ነው አሉ።»

ቬርና ይህን ሁሉ የምትለው እየጮኸች ነው። የጠብ ጩኸት ግን አልነበረም። ግሌኒስ ጆሮዋ ከደከመ ስድስት ዓመት አልፎታል፤ ማዳመጫዋንም የመጋዙን ድምፅ ስለማትችለው ሼዱ በር ላይ ስትደርስ አውልቃ ሽርጧ ኪስ ውስጥ ትከተዋለች። ስለዚህ ለግሌኒስ የተነገረ ነገር ሁሉ ለሼዱ የተነገረ ነው። ያን ረቡዕ ጠዋት ሌሎቹ አባላት ማገዶ ሊያመጡ ወጥተው ነበርና፣ ከሁለቱ ሴቶች በቀር ሼዱ ውስጥ የቀረው ክላይቭ ብቻ ነው። ጀርባውን ሰጥቷቸው የወንበር እግር በብርጭቆ ወረቀት ይፈትጋል።

ሼዱ ድሮ የፖም ማሸጊያ መጋዘን ነበር። በታዝማኒያ ሰሜናዊ ዳርቻ፣ ባሕሩ ከመንገዱ ማዶ በሚታይበት ትንሽ ከተማ፣ አሁን ጡረተኞች የተሰበረ ነገር ይጠግኑበታል፤ እውነቱን ለመናገር ግን ቤታቸው ብቻቸውን እንዳይውሉ ነው የሚመጡት። ቬርና ሠላሳ ዓመት የድንች መንቀያ ማሽን ስትጠግን የኖረች መካኒክ ናት። ክላይቭ የቀድሞ ርዕሰ መምህር፣ የዛሬ የሼዱ ሊቀመንበር ነው። የሰው ፊደል ካላረመ ምሳ የማይበላ ሰው ነው።

ከሦስት ሳምንት በፊት፣ የማገዶ ተጎታቹ ጎማ ዳዶ ዝጎ አልፈታ ብሎ ነበር። ክላይቭ በባትሪ የምትሠራዋን፣ እየመታች የምትፈታዋን ትንሽ መፍቻ አነሳ፤ ጫፏ ላይ የሚገጠመው፣ ዳዶውን የሚጎርሰው ክብ ብረት ቡሶላ ይባላል። ቬርና «ጫፏ ላይ ጥቁሩን ቡሶላ ግጠም፤ ክሮሙ ለእጅ መፍቻ ነው» አለችው። «ለዚህች ለትንሿማ ክሮሙ ይበቃታል» ብሎ ልጆቹ ለልደቱ የሰጡትን የሚያብረቀርቀውን ገጠመ። ጎማውን ደግፎ የያዘለት ሞሪስ ነበር፤ የድሮ ላም አላቢ፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ከክላይቭ ጋር በአንድ የእግር ኳስ ቡድን ከተጫወቱበት ጊዜ ጀምሮ ወዳጁ። መፍቻዋ አንድ ጊዜ ተንቀጠቀጠች፤ ቡሶላው ጥይት መስሎ ፈነዳ። ስባሪው የሞሪስን ቅንድብ ተረተረው። መከላከያ መነጽሩ ባይኖር ዓይኑ ሄዶ ነበር።

ክላይቭ የሼዱን የአደጋ መዝገብ አምጥቶ በሚያምር የእጅ ጽሕፈቱ እንዲህ ሲል ጻፈ፦ «ሞሪስ ያቀበለኝ ቡሶላ ቀድሞ ስንጥቅ ነበረበት።»

ሞሪስ የተጻፈውን ሳይቃወም ሄዶ ቅንድቡን ተሰፋ። ከዚያ ወዲህ አልመጣም። ትናንት ቬርና ቤቱ ሄዳ ነበር። መጋረጃው እንደተጋረደ፣ የቆርቆሮ ሾርባ ሳያሞቅ በማንኪያ ሲበላ አገኘችው። «እኔ ሳልሆን አልቀርም ያቀበልኩት፣ ቬርና፤ አሁን አሁን ነገር ይጠፋብኛል። ባላስታውሰው ነው» አላት። ቬርና ግን ሞሪስ ምንም እንዳላቀበለው በዓይኗ አይታለች። ክላይቭን ፊት ለፊት «ዋሽተሃል» ብትለው ደግሞ ስብሰባ ይጠራል፣ ቃለ ጉባኤ ይያዛል፣ ሞሪስ በኮሚቴ ተመርምሮ የባሰ ያፍራል።

ሻይዋን አማሰለችና ወንበሯን ወደ ግሌኒስ አስጠጋች።

«እኔ ምልሽ፣ ግሌኒስ... እነዚያን ሰሌዳው ላይ የተሰቀሉትን ቡሶላዎች ልብ ብለሽ አይተሻቸው ታውቂያለሽ? ጥቁሮቹን ማለቴ ነው። መልክ የላቸው፣ ወዝ የላቸው፤ ከሰል ውስጥ ያደሩ ነው የሚመስሉት። እዚያ ሣጥን ውስጥ ያሉት ክሮሞቹ ግን... ውይ! ፊትሽን ታይባቸዋለሽ እኮ። ሊፕስቲክ መቀባት ትችያለሽ። ሞኝ ሰው ‹ምረጥ› ቢሉት የትኛውን የሚያነሳ ይመስልሻል? ሞኝ ሰው ነው ያልኩት፤ ሌላ ሰው አላልኩም። የተማረ ሰውማ እንዲህ አያደርግም... ያደርጋል እንዴ?»

ግሌኒስ ስኮኗ ላይ ጃም እየቀባች ፈገግ አለች።

«ነገሩን ላስረዳሽ። ጥቁሩ ለስለስ ያለ ብረት ነው፤ ግድግዳውም ወፍራም ነው። ሲመታ ምቱን ዋጥ ያደርጋል። ክሮሙ ደግሞ ጠንካራ ነው... በጣም ጠንካራ። የሚሰበረውም ጠንካራ ስለሆነ ነው፤ እጥፍ ማለትን አያውቅማ! ‹ተሳስቻለሁ› ከማለት መፈንዳት ይቀለዋል። ስለ ብረቱ ነው የማወራሽ፣ ግሌኒስ። ሰው እንዲህ አይሆንም።»

የብርጭቆ ወረቀቱ ድምፅ ቀስ አለ። ቬርና ዞር ብላ አላየችም።

«እንዳላማው ደግሞ ክሮምም የራሱ ሙያ አለው። በእጅ ለሚፈታ፣ በቀስታ ለሚያዝ ነገር እሱን የሚያህል የለም። ቀጭን ስለሆነ ጥቁሩ የማይገባበት ጠባብ ቦታ ይገባል። ጠባብ ቦታ ገብቶ መውጣት ቀላል ሙያ መሰለሽ? እኔ የማውቃቸው አንድ ትልቅ ሰው አሉ፤ የትም ቦታ ቢጠባቸው ሹልክ ብለው የሚወጡበት አያጡም። ሌላው ነው እዚያው ተቀርቅሮ የሚቀረው። ታድለው!

«እኚህ ሰው እንዴት ያለ የእጅ ጽሕፈት አላቸው መሰለሽ! ዕንቁ ነው። ሰው ደሙን በፎጣ ሲጠርግ እሳቸው ነጠላ ሰረዝ አይስቱም። ‹ስንጥቅ› ብለው ሲጽፉ ስንጥቁ ራሱ ከወረቀቱ ላይ ይታይሻል። እኔ ደግሞ ዓይኔ ደካማ ነው መሰለኝ፣ ቡሶላው ላይ ሳየው ነው ያጣሁት። ለነገሩ አዲስ ነበር፤ ከሣጥኑ ከወጣ ገና ሁለተኛ ቀኑ። በሁለት ቀን ተሰነጠቀ? ሊሆን ይችላል... እኔ እንኳ የልደት ስጦታ ይዤ ስሮጥ ወድቄ ሰብሬው አውቃለሁ።»

ግሌኒስ «እ?» የምትል መስላ ጆሮዋን አስጠጋች፤ ቬርና ይህን ሰበብ አድርጋ ድምፅዋን ይበልጥ ከፍ አደረገችው።

«ትንሽ መሣሪያ ናት ነው የሚሉት! ‹ለዚህች ለትንሿማ ክሮሙ ይበቃታል።› የናቁት ያስረግዛል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እኛ ሼድ ውስጥ ግን ቅንድብ ይተረትራል። በደቂቃ ሦስት ሺህ ጊዜ የምትመታ ነገር ምኗ ነው ትንሽ? ለነገሩ የመፍቻዋን መመሪያ አንብበውታል እኮ። ‹ለዚህ የተሠራውን ብቻ ተጠቀሙ› የሚለው ዓረፍተ ነገር ላይ የፊደል ግድፈት አግኝተው በቀይ ብዕር አርመውታል። አየሽ፣ እሳቸው የሚያነቡት ለማረም እንጂ ለመማር አይደለም። ተምረው ጨርሰዋላ!»

እዚህ ላይ ቬርና ራሷ ሳቋ መጣ፤ በሻይ ኩባያዋ ሸፈነችው። ክላይቭ የወንበሩን እግር ይዞ ቆሟል። ጆሮው ጫፉ ድረስ ቀልቷል። ቬርና ግን ወዲያው የሞሪስ ቀዝቃዛ ሾርባ ትዝ አላትና ኩባያዋን አስቀመጠች።

«ትናንት አንድ ሰው ልጠይቅ ሄጄ ነበር፣ ግሌኒስ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ አይደል የሚባለው? እኔ ያየሁት የተወጋው ረስቶ ‹ምናልባት የወጋሁት እኔ ነኝ› ሲል ነው። እንዲህ ያለ ደግ ሰው ከየት ይገኛል? ወዳጁ ዋሸ ከሚል አእምሮዬ ከዳኝ ቢል ይሻለዋል። ‹ነገር ይጠፋብኛል› አለኝ። ሰማኒያ ላም በስም ይጠራ የነበረ ሰው ነው! የእያንዳንዷን እናትና አያት ሳይቀር... አሁን እዚያ ጨለማ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ያላነሳውን ብረት ‹መቼ ነው ያነሳሁት?› እያለ ይፈልገዋል።

«ዝምታ ወርቅ ነው ይላሉ። እውነት ነው፤ በተለይ የሌላ ሰው ዝምታ ሲሆን። ለቅመሽ ኪስሽ መክተት ነው! እውነትና ንጋት እያደር ይጠራልም ይላሉ፤ እኛ አገር ደመናው ስለሚበዛ ነው መሰለኝ፣ ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚሉት ግን ውሸት ነው። ወረቀትማ ምን አለበት? አንድ መስመር ቢሰርዙበት ይለቃል። መዝገቡ እዚያ መደርደሪያ ላይ ነው፤ ብዕሩም በክር ታስሮ ተንጠልጥሏል... እኔ ምን አገባኝ ታዲያ? ያንን ስኮን ወዲህ በይው እስኪ።»

ከኋላዋ የወንበሩ እግር ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ሰማች። ክላይቭ በአጠገባቸው አለፈ። ማንንም አላየም። ከመደርደሪያው መዝገቡን አወረደና ቆሞ ጻፈ፤ ብዕሩ አጭር ክር ላይ ስለታሰረ ጎንበስ ብሎ ነበር የሚጽፈው። ከዚያ የመኪናውን ቁልፍ አንስቶ ዝናብ ካፖርቱን እንኳ ሳይለብስ ወጣ። ቬርና ሞተሩ ወደ ቤቱ አቅጣጫ ሳይሆን ወደ ኮረብታው፣ ወደ ሞሪስ ሰፈር ሲያቃስት እስክትሰማ ድረስ አልተነሳችም። ከዚያ ሄዳ አነበበች። የድሮው መስመር በማስመሪያ ተሰርዟል። ከሥሩ «ቡሶላውን የመረጥኩትም የገጠምኩትም እኔ ነኝ። ሞሪስ ያቀበለኝ ነገር የለም» ይላል፤ ፊርማም አለበት። «የገጠምኩትም» የምትለዋ ላይ አንድ ፊደል ዘሏል። ቬርና ብዕሩን አነሳችና መልሳ ተወችው።

በሚቀጥለው ረቡዕ የክላይቭ መኪና ሼዱ በር ላይ ቆመች፤ ሞሪስ ከጎኑ ወረደ። ቅንድቡ ላይ ቀይ መስመር ቀርቷል፤ ፂሙን ግን ተላጭቷል። ኩባያ ሲያጥቡ ለቬርና ቀስ ብሎ ነገራት። «በሩ ላይ ውሃ እያንጠባጠበ ቆመ። ግባ ስለው አልገባ አለ። ‹እኔ ነኝ› ለማለት ሻይ እስኪቀዘቅዝ ፈጀበት። እኔ ምን እንዳልኩት ታውቂያለሽ? ‹እንኳን አላበድኩ!› ነው ያልኩት።» ሞሪስ ሳቀ፤ ሳቁ መሀል ላይ ተሰበረና ፊቱን ወደ ቧንቧው አዞረ። ቬርና ደረቁን ኩባያ እንደገና አደረቀችው።

ከዚያ ክላይቭና ሞሪስ የተጎታቹን ሌላኛውን ጎማ ፈቱ። ክላይቭ ሳይነገረው ሰሌዳው ጋ ሄዶ ጥቁሩን ቡሶላ አመጣ፣ መፍቻዋ ላይ ገጠመ፣ ሞሪስንም «ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ» አለው። ዳዶው እየጮኸ ተፈታ።

ሻይ ሲቀርብ አራቱም በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። ክላይቭ የመጀመሪያውን ስኮን ለሞሪስ አሳለፈ፤ ነገሩ ሁሉ ያለፈ መስሎት ትከሻው ዘና ብሏል። ቬርናም ደስ ብሏታል፤ በእውነት ደስ ብሏታል። ግን ሳትናገራት የቀረች አንዲት ነገር ነበረች። ወደ ግሌኒስ ዘንበል አለችና ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«ግሌኒስ፣ እስኪ ኩባያሽን አስቀምጪና አሜን በዪልኝ። ያን ዕለት ያነሳሁልሽን ትልቅ ሰው ልመርቃቸው ነው። ዕድሜ ከጤና ይስጣቸው። ልጆቻቸው በየልደታቸው አይርሷቸው። ደግሞ ጊዜው ሲደርስ... ዓይናቸው ፈዞ፣ እጃቸው ተንቀጥቅጦ፣ ‹ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ ወይስ ሌላ ሰው?› እያሉ ሲጨነቁ... ያን ጊዜ እግዜር ብቻቸውን አይተዋቸው። ከጎናቸው የሚቆም ወዳጅ ይስጣቸው፤ ልክ እንደ ራሳቸው ያለ ወዳጅ!»