አረቄ ያልቀመሰ ጉበት

በምሥራቅ ስሎቫኪያ፣ ከሐይቅ ዳር ባለች መንደር፣ ኢምሪኽ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ጎረቤቱ ሁሉ በፕሪም አረቄ ጉሮሮውን ሲያረጥብ እሳቸው ጠብታ እንኳ ቀምሰው አያውቁም። ታዲያ የከተማው ሐኪም «ጉበትዎ ታሟል፤ ስብ ይዞታል» ሲላቸው፣ መንደርተኛው «ለካ ተደብቆ ነው የሚጠጣው!» ብሎ ሳቀ። ከሕመሙ ይልቅ ሐሜቱ አንገበገባቸው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ያጠመዱትን ትልቅ ዓሣ አንጠልጥለው ነፍሰ ጡር ወደሆነችው ልጃቸው ወደ ዮላና ሊሄዱ አውቶቡስ ሲጠብቁ፣ ከክቬታ ጋር ተገጣጠሙ። ክቬታ የጎረቤታቸው ልጅ ናት፤ ሕክምና ተምራ ከተማ ትሠራለች።

«አጎቴ ኢምሪኽ፣ ጤናዎ እንዴት ነው?»

«ጤናዬንማ መንደሩን ጠይቂ። ሰካራም አድርጎኝ አረፈው!»

«እኔ አልስቅም። በምርቃቴ ቀን እንኳ ብርጭቆዎን ሻይ አስሞልተው አባቴን አናደውት የለ?»

«ታዲያ ከየት መጣብኝ?»

ክቬታ ዓሣውን አየት አደረገች።

«ምነው ፊትሽ ጠቆረ?»

«እንዳይቆጡኝ ፈርቼ ነው። እዚህ አጠገባችን ያለው ፋብሪካ ድሮ ወደ ሐይቁ በሚገባው ቦይ ውስጥ የደፋውን ኬሚካል ያስታውሳሉ?»

«እሱማ ከቆመ ስንት ዘመኑ! ውሃው አሁን መስተዋት ነው።»

«ኬሚካሉ ግን በቀላሉ አይጠፋም፤ ጭቃው ውስጥ ተኝቷል። ትል ከጭቃው ይወስዳል፣ ትንሹ ዓሣ ትሉን ይበላል፣ ትልቁ ትንሹን፤ ትልቁን ደግሞ እርስዎ። ስብ ውስጥ ገብቶ ለዓመታት ይቀመጣል፤ ጉበትንም ይጎዳል። የእርስዎን ያሳመመው እሱ ብቻ ነው ብዬ መማል አልችልም፤ ግን እጠረጥረዋለሁ።»

የሽማግሌው ደም ሥር ተገታተረ። «አንቺ ልጅ፣ በዚሁ ሐይቅ ዓሣ አይደለም ያደግሽው? እናትሽ ስትታመም ሾርባ ያመጣላችሁ ማን ነበር?»

«እርስዎ ነዎት። ጣዕሙ እስካሁን አፌ ላይ አለ። ደሜ ሲመረመር ኬሚካሉም ተገኝቶብኛል።»

ኢምሪኽ ክው አሉ። «በእኔ ሾርባ?»

«በሾርባው ብቻ አይደለም፤ በመንደራችን እንቁላልም በሥጋም ነው። እርስዎ በፍቅር ነው ያበሉን፤ ጥፋቱ ኬሚካሉን የደፋው ሰው ነው። አሁን ግን አውቀናል። ከእናት ወደ ፅንስ ያልፋል፣ አጎቴ። ዮላና ስትወልድ ጡት ማጥባቷን አትተው፤ ይህን ዓሣ ግን ከዛሬ ጀምራ አትብላ።»

«በደንብ ቢጠበስስ?»

«እሳት አይበግረውም።»

«ለድመቷ ልስጣት?»

«ድመቷም ጉበት አላት።»

ሽማግሌው ሳይወዱ ሳቁ። አውቶቡሱ መጥቶ ሄደ፤ አልተሳፈሩም። ለረጅም ጊዜ ዓሣውን ካዩ በኋላ፣ የገዛ ንብረቱን እንደሚጥል ሰው እየሳሱ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ከተቱት። «ባዶ እጄን ልጄ ዘንድ አልገባም» ሲሉ፣ ክቬታ ክንዳቸውን ይዛ ገበያ ወሰደቻቸው። ባቄላና ፖም ገዝተው ሄዱ፤ የሰሙትንም ሁሉ ለዮላና ራሳቸው ነገሯት።

እንደ አገሩ ልማድ ለገና ዋዜማ ከሌላ አገር ንጹሕ ኩሬ የመጣ ዓሣ ተጠበሰ። ኢምሪኽ ጮማ ቀነሱ፣ በእግር መሄድ አበዙ፤ በዓመቱ ሐኪሙ «ጉበትዎ ላይ ያለው ስብ ቀንሷል» አላቸው። አሮጌው ኬሚካል በአንድ ጀንበር ከደም አይወጣም፤ በላዩ ላይ አለመጨመር ግን በእጃችን ነው። የሚወለደውም ልጅ ሸክሙ ይቀልለታል።

አሁንም ዓሣ ያጠምዳሉ፤ ይዘው፣ አድንቀው ይለቁታል። አንድ ቀን የድሮ ባልንጀራቸው «ሐይቃችንን ጠላኸው እንዴ?» አላቸው።

ኢምሪኽ ደረታቸው ላይ የተኛችውን የዮላናን ሕፃን እያቀፉ፣ «ሐይቁንማ እወደዋለሁ» አሉ፤ «እሷን ግን አብልጬ እወዳታለሁ።»