የወፎቹ ጠበቃ

ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። በደርግ ጊዜ መካነ ሰላም አስተማሪ ነበርኩ። የቀበሌው መናፈሻ መሀል ባለው ግራር ላይ ቢጫ ወፎች ክረምቱን ሙሉ ሣር እየጎነጎኑ ጎጆ ሲያንጠለጥሉ ከርመው ጫጩት ፈልፍለዋል። የአብዮት በዓል መድረክ የሚተከለው ታዲያ ከዚያው ግራር ሥር ሆነና የቀበሌው ሊቀመንበር «ጎጆዎቹ ይውረዱ! እንግዶች ላይ ኩስ ሊጥሉ ነው?» ብሎ አዘዘ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ጫጩቶቹ ገና ላባ አላወጡም፤ እባክዎ መድረኩን ፈቀቅ እናድርገው» ብዬ ለመንኩት። «አንተ የአብዮቱ ጠበቃ ነህ የወፍ?» አለኝና አንዱን የአብዮት ጥበቃ ረጅም አጣና አስያዘው። ጎጆዎቹ ረገፉ። ላባ የሌላቸው ጫጩቶች ጭቃው ላይ አፋቸውን ከፍተው ተንጫጩ፤ እናቶቻቸው ከላያችን ይዞራሉ።

ይህ አልበቃ ብሎ በማግስቱ ስብሰባ ላይ «ግለ ሂስ አድርግ» ተባልኩ። እኔ! ጎጆ ያስፈረሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ እኔ ቆሜ ጥፋቴን ልናዘዝ! አጠገቤ የነበሩት ሽማግሌ፣ ሼህ ይማም፣ ኮቴን ጎተት አድርገው «ልጄ፣ በአላህ ይዤሃለሁ፣ አጠፋሁ በልና ተገላገል» አሉኝ። ተነሣሁ። «አጥፍቻለሁ» አልኩ። «ጥፋቴ መለመኔ ነው። ግራሩ ላይ ወጥቼ መቀመጥ ነበረብኝ።» ሼሁ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ተሰብሳቢው ግን ሲጠብቅ የቆየው «አጥፍቻለሁ» የምትለዋን ብቻ ነበርና እንደ ልማዱ አጨበጨበ። ከሁሉ አስበልጦ ያጨበጨበው ያ አጣና ይዞ የነበረው ነው።