ሁሉንም አለ

ከናዝሬት ወደ ደብረ ዘይት በአውቶቡስ ስንሄድ ከኋላዬ የተቀመጡ ባልና ሚስት በሹክሹክታ ያወራሉ።

«ሹመት አግኝቶ የሚያዝን ሰው ያየሁት አንተን ብቻ ነው። የራዲዮ ዜና ኃላፊ መሆን ቀላል ነው እንዴ?»

«ጋዜጣዬ ይሻለኝ ነበር።»

«ምን በወጣህ! ራዲዮኑን አገር ይሰማው የለ?»

«እሱን እኮ ነው የፈራሁት። ጋዜጣ ላይ ስህተት ካገኘን ማተሚያ ቤት እናስቆመዋለን። ራዲዮ ግን አንዴ ከተነበበ አለቀ።»

«ከአንተ በፊት የነበረው ሰውዬስ ወዴት ተዛወረ?»

«አልተዛወረም። አንባቢው የደርጉን ሊቀመንበር ማዕረጎች ሲደረድር አንዷን ዘለላት። ኃላፊውንም አንባቢውንም ከዚያው ወሰዷቸው።»

«ወየው! አልፈልግም በላቸዋ!»

«ለምን ቢሉኝስ?»

«ቀስ በል፣ ሰው ይሰማል።»

ሾፌሩ ዜና ደረሰ ብሎ ራዲዮኑን ከፈተ። አንባቢው የሊቀመንበሩን ማዕረጎች መደርደር ጀመረ። ስማቸው ጋ ሲደርስ ሰውየው በረጅሙ ተነፈሰ።

«ተመስገን፣ ሁሉንም አለ።»

«አንተ የምትጀምረው ነገ፤ ዛሬ ምን ያንቀጠቅጥሃል?»

ለካ እኔም ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ ማዕረጎቹን ከአንባቢው ጋር አብሬ ስደረድር ነበር።