በእርሳስ የተከበበችው መስመር

ወጣት ሆኜ ከቁስቋም ዝቅ ብሎ ባለ ጎሚስታ ቤት ጎማ እለጥፍ ነበር። ትምህርት ከአሥረኛ ክፍል አቋርጫለሁ። ሥራ ሲቀዘቅዝ ስለ ስበት የራሴን ቲዎሪ ደብተር ላይ እጽፍ ነበር፤ ሦስት ዓመት ጻፍኩ። ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ የሚያስተምሩ አንድ ደንበኛ ነበሩን፤ እንደ ምንም ደፍሬ ደብተሩን ሰጠኋቸው። በሳምንቱ ሲመልሱልኝ አራተኛው ገጽ ላይ አንዲት መስመር በእርሳስ ከበዋል።

«እዚህ ጋ ታፈሳለች» አሉኝ። «አስተካክላትና ቢሮዬ ና፤ የቀረውን አብረን እናየዋለን።»

ባልደረባዬ ከመኪናው ሥር ሆኖ ሰማ። «ሳይንቲስቱ፣ እስኪ ክሪኩን አቀብለኝ» ብሎ ሳቀ። ፊቴ ጋለ።

«የሦስት ዓመት ልፋቴን በአንድ እርሳስ ጣሉት» አልኳቸው።

«አንተስ ጎማዬን ውኃ ነክረህ ቀዳዳውን በጠመኔ የምትከበው ልትጥልብኝ ነው?»

ደብተሩን ከድኜ ወደ ሥራዬ ዞርኩ። ቢሮአቸውም አልሄድኩም። እሳቸውም ከዚያ ወዲያ ወደ እኛ ጎሚስታ አልመጡም።

በቅርቡ እንጦጦ ማርያም ደጅ ተገናኘን። ሸብተዋል፤ ከዘራ ይዘዋል። ያስታውሱኛል ብዬ አልጠበቅኩም።

«አንተ ባለ ጎማው፣ ያቺን መስመር አስተካከልካት? ስጠብቅህ ነበር እኮ።»

«የትኛዋን፣ ጋሼ? ረስቼዋለሁ» አልኳቸው።

አንገታቸውን ነቅንቀው፣ ትከሻዬን መታ አድርገው ወደ ውስጥ ገቡ። መስመሯን ዛሬም በቃሌ አውቃታለሁ። ስህተቷም የገባኝ ያኔውኑ፣ ደብተሩን በመለሱልኝ ማግስት ነበር።