ቋጠሮ ያለበት ክር

የምስክር ቃል

ስም፦ ወ/ሮ ታየች ጉልላት
ዕድሜ፦ 48
ሥራ፦ ጥጥ ፈታይ
አድራሻ፦ ጉለሌ ክፍለ ከተማ፣ ከሽሮ ሜዳ ከፍ ብሎ፣ የማኅበራችን ግቢ
ቃል የተሰጠበት ቀን፦ የካቲት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 4፡30 ሰዓት

ወደ ፖሊስ ጣቢያ የመጣሁት ማንም ሳይጠራኝ በራሴ እግር ነው። ሟች ገብረ ሚካኤል ሕክምና እንዳያገኝ ከልክሏል ተብሎ ከሰኞ ጀምሮ የታሰረው ሸማኔ ዱጉማ ጥፋት የለበትም። የከለከልኩት እኔ ነኝ። እንዴት እንደሆነ ልናገር፤ የሚጽፈው ፖሊስም እንዳያሳጥርብኝ ለምኜዋለሁ።

በግቢው ሃያ ሦስት ሸማኔና ፈታይ ነን። ከአንድ ድስት እንበላለን፣ የእኔ የሚባል ነገር የለንም፣ አለቃም የለንም። ከግቢ ውጭ ማደር የሚፈልግ ሰው ጉዳዩን ለሁላችን ያቀርባል። ከዚያ እያንዳንዱ ሰው ጀርባውን አዙሮ አንድ ክር ሙዳይ ውስጥ ይከታል። የተስማማ ክሩን እንዳለ ይከታል፣ ያልተስማማ ቋጥሮ ይከታል። አንድ ቋጠሮ ከተገኘ ጉዳዩ ሦስት ቀን ይቆያል። ማን ቋጠረ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። የቆጨው ሰው ግን በመሀል ሄዶ ለአስተባባሪያችን ለአቶ ይገዙ "ፈትቻለሁ" ቢል ይበቃል። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ኖረናል፤ እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎን ነው የኖርነው።

ባለፈው ጥቅምት ልጄ ሶሊያና ዊንጌት አካባቢ አክስቷ ዘንድ ሆና ኮምፒውተር እንድትማር ፈቃድ ጠየቅኩላት። ቋጠሮ ተገኘ። ከሦስት ቀን በኋላ ደገምን፣ አሁንም ቋጠሮ ተገኘ። ልጄ ልብሷን በፌስታል ይዛ ወጣች፤ ስልኬን እስካሁን አታነሳም። ገብረ ሚካኤል አንድ ቀን ምሳ ላይ "ሶሊያና ከወጣች አትመለስም" ብሎ ስለነበር እሱ ነው ብዬ ቂም ያዝኩ። ጠዋት ጠዋት እንደምን አደርክ እለዋለሁ፤ ሆዴ ግን ሻክሮበታል።

ሰኞ የካቲት 17 ቀን ገብረ ሚካኤል ሆዱን ይዞ ከሽመናው ጉድጓድ መውጣት አቃተው። ሚስቱ ገበያነሽ ሆስፒታል ይተኛልኝ ብላ ለመነች። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ተሰበሰብን። ክሩን ስይዝ እጄ ቋጠረ። አይ፣ እጄ አይባልም፣ እኔ ነኝ የቋጠርኩት። እስቲ ሦስት ቀን እሱም ይቅመሳት ብዬ ነው። ይሞታል ብዬ አላሰብኩም። ገበያነሽ ታክሲ ልጥራ ስትል ሟች ራሱ "ሕጉን እኔ ላፍርስ? ሦስት ቀን ምን አላት" ብሎ ከለከላት።

ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ ሲያቃስት በግድግዳው በኩል ይሰማኝ ነበር። ረቡዕ ጠዋት ፈትቻለሁ ልል ወደ አቶ ይገዙ ቤት ሄድኩ። ደጃፉ ላይ ሰዎች ቆመዋል። ይታወቅብኛል ብዬ ውኃ ልቀዳ የመጣሁ መስዬ ተመለስኩ። በዚያው ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሞተ። ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ እንደነበር በኋላ ሰማን።

ገበያነሽ ዱጉማን የጠረጠረችው ከሟች ጋር በመስኮቱ ሥር ባለው የሽመና ቦታ ይጣሉ ስለነበር ነው። ዱጉማ አልቋጠርኩም ብሎ ሲምል ማንም አላመነውም። እኔም አጠገቡ ቆሜ ሲምል እሰማ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ከገበያነሽ ጋር ምስር ስንለቅም አለቀሰች። "ታየችዬ፣ የልጅሽን ጉዳይ ሁለቴም የቋጠርኩት እኔ ነበርኩ። ልጅ የለኝም፣ ከዓይኔ እንዳትጠፋ ብዬ ነው። እሱማ 'ተዪ፣ የሰው ልጅ አትያዢ' ይለኝ ነበር። ይቅር በይኝ" አለችኝ። ይቅር ብዬሻለሁ አልኳት። የራሴን መናገር ግን አቃተኝ። ነጠላዬን ለብሼ ወጣሁ፤ አዲሱ ገበያ ደርሼ የምመለስ መስሏታል።

ዱጉማ ይፈታ። የሠራሁትን ግን ገበያነሽ ከፖሊስ ሳይሆን ከእኔ አፍ እንድትሰማ እጠይቃለሁ። መታሰሩን አልፈራሁም። እዚህ ካደርኩ ራት ይዛልኝ የምትመጣው እሷ ናት፤ ከእሷ ሌላ የለኝም።

ከላይ የተጻፈው ተነቦልኝ ሰምቻለሁ፤ ከአፌ የወጣው ይኸው ነው፤ ማንም አላስገደደኝም። ሐሰት ከተገኘበት በሕግ እንደምጠየቅ ተነግሮኝ አውቄ አሻራዬን አኑሬአለሁ።

የቃል ሰጪ የአውራ ጣት አሻራ፦ ታየች ጉልላት
ቃሉን የተቀበለው፦ ረዳት ሳጅን ዮፍታሔ አክሊል (ፊርማ)