የዘንዶው ጾም
ዓርብ ማታ ልጄና ጓደኞቿ ሳሎን ዳይስ ሲወረውሩ አማቴ ደንዉዲ ካለው ቤታቸው መጡ። «ቁማር! ያውም በጾም ቀን!» ብለው ዳይሱን ለቀሙት። እኔ ደነገጥኩ።

«ኖ፣ እማማ! ተረት እየፈጠርን ነው» አለች ልጄ። «ጃፓን ውስጥ ጓደኛሞች እንዲህ ሲጫወቱ ያወሩት ተጽፎ መጽሔት ላይ ወጣ፤ ከዚያ መጽሐፍ፣ ኋላም አኒሜ የሚሉት የካርቱን ፊልም ሆነ።»

አማቴ ባያምኑም ተቀመጡ። «እና አሁን ምን ላይ ናችሁ?»

«ዘንዶው ፈረሰኛውን ሊበላው ነው። ምን እንበለው?»

«ዛሬ ዓርብ ነው፣ ሥጋ አይበላም በዪው!»

ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። «ወርውሪ እማማ! ትልቅ ቁጥር ከወጣ ይሰማሻል።» ወረወሩ፤ ትልቁ ወጣ። ዘንዶው ይቅርታ ጠይቆ ሄደ።

ቅዳሜ ገና በጠዋቱ ስልኬ ጮኸ፤ አማቴ ናቸው። «ጾሙ እኮ ተፈቷል፤ ያንን ፈረሰኛ ቶሎ ደብቁት!»