በጥር የተጠና ወንዝ

ሐምሌ፣ ከሰዓት በኋላ፤ በአንድ የመንግሥት ፖሊሲ ጥናት ቢሮ ዳይሬክተሩ አቶ ወንድይፍራውና በእጃቸው ሥራ ያስለመዱት ተመራማሪ ምንተስኖት፤ ዝናቡ መስኮቱን ይደበድባል።

ምንተስኖት፦ ልመልሰው ነው የምልዎት ጋሼ። “ወንዙ ዳር ሰው ይስፈር” ያልኩበትን ጥናት፣ ተሳስቻለሁ ብዬ ልመልሰው።

ወንድይፍራው፦ ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። የጸደቀ ጥናትማ ተራራ ነው፤ ምኑን ይዘህ ትመልሰዋለህ?

ምንተስኖት፦ ተራራውማ አለ፣ ከአዲሱ መንደር በላይ። የምፈራውም ከሱ የሚወርደውን ነው።

ወንድይፍራው፦ ጀመረህ ደግሞ! አብረን አይደል ያየነው? ወንዝ የምትለውን በቆዳ ጫማዬ ነው የተሻገርኩት፤ አቧራ እንጂ ጠብታ አልነካኝም።

ምንተስኖት፦ በጥር ነዋ የሄድነው! በጥር ያልደረቀ ምን አለ?

ወንድይፍራው፦ ታዲያ በክረምት ልሂድልህ? አበል የሚለቀቀው በጥር፣ መኪና የሚገኘው በጥር። አገሩ ሁሉ በጥር ነው የሚጠናው።

ምንተስኖት፦ ጎርፍ የኛን በጀት አይጠብቅም፣ ጋሼ።

ወንድይፍራው፦ ይቺንስ ለመጽሔታችን ጻፋት! የአካባቢውን ነዋሪ አልጠየቅንም? “ቦታው እንዴት ነው?” አልን፤ “ጥሩ ነው” አሉ።

ምንተስኖት፦ የቀበሌው ሊቀመንበር አጠገባቸው ተጎልቶ ምን ይበሉ? አንድ ሽማግሌ ብቻ እስከ መኪናው ሸኝተውኝ፣ “ልጄ፣ በበጋ የመጣ እንግዳ ወንዙን አያውቀውም” አሉኝ። ተረት መስሎኝ ሳቅሁ።

ወንድይፍራው፦ ተረት ነዋ! በስንተኛው ምዕራፍ ልታስገባው ነበር? ስማኝ ልጄ። ከመስከረም ጀምሮ የዘርፉ ኃላፊ ነህ። ስንት ደጅ ጠንቼ ነው ያስወሰንኩልህ። ዛሬ ተሳስቻለሁ ካልክ፣ ወንበሩ ቀርቶ በርጩማ የሚሰጥህ የለም።

ምንተስኖት፦ ይቅርብኝ።

ወንድይፍራው፦ ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ ማለት ይሄ ነው!

ምንተስኖት፦ ለሰው ነው የምለምንዎት። ለዞኑ አንድ ስልክ ይደውሉ። ክረምቱ እስኪያልፍ ማንም እዚያ አይደር።

ወንድይፍራው፦ ማን ያድርበታል? የመንደሩ ምርቃት ቅዳሜ ነው፤ ቤቶቹ ባዶ ናቸው።

ምንተስኖት፦ ባዶ አይደሉም።

ወንድይፍራው፦ እንዴት ማለት?

ምንተስኖት፦ እንግዶቹ ሲመጡ ጢስ የሚወጣበት መንደር ይዩ ተብሎ፣ ሰፋሪዎቹን ትናንት አስገቧቸው። ልጁንም ከብቱንም።

ወንድይፍራው፦ ይሄን ደግሞ ማን ነገረህ?

ምንተስኖት፦ ሊቀመንበሩ ራሱ። ማታ ደውሎ “እንኳን ደስ ያለህ” አለኝ። ከበስተጀርባው አንድ ድምፅ ይሰማኛል፤ ዝናብ ነው ብዬ “ዘነበላችሁ?” አልኩት።

ወንድይፍራው፦ ክረምት ነው፣ ይዘንባላ።

ምንተስኖት፦ “ኧረ እዚህስ ጠብታ የለም፤ ላይ ተራራው ብቻ ነው የጠቆረው” አለኝ።

ወንድይፍራው፦ እስቲ አሁን ደውልለት።

ምንተስኖት፦ ከንጋት ጀምሮ ስደውል ነው የዋልኩት። የሱም አይሠራ፣ የጤና ጣቢያውም አይሠራ፣ የሚሊሻውም አይሠራ። ጋሼ፣ ሹፌሩን ልጥራው? አሁን ብንነሳ...

ወንድይፍራው፦ ሹፌሩ ይቆይ። በሩን ዝጋና ቁጭ በል። እስቲ አስታውሰኝ ምንተስኖት፤ ጥናቱ ላይ የፈረምከው አንተ ብቻህን ነህ፣ አይደል?